መብራት ሲጠፋ ያለፈው ድርብ ቦንድ

ልጄ ቢቸና ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ስትማር ትምህርቱ በፕላዝማ ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ያስተምራል፤ የክፍሉ መምህር አጠገቡ ቆሞ ያያል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱም ጠፋ። ሲመለስ ሰውየው ሌላ ርዕስ ላይ ነው።

ለኬሚስትሪ ፈተና ስታጠና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስትስል አየኋት። ካርቦን መሐል፣ ኦክስጅን ግራና ቀኝ፣ በየመካከላቸው አንድ አንድ መስመር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ የልጆቼን መጻሕፍት በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ አነባለሁ። ልክ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

«ሁሉም በአንድ መስመር ነው የሚያያዘው?»

«ያየነው እሱን ነው፣ አባዬ። ከዚያ መብራት ጠፋ።»

ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከሞጣ መጣች። እሷም ዘጠነኛ ናት። ሥዕሉን አይታ ሳቀች።

«እንዴ! ካርቦኑን በረሃብ ልትገድይው ነው?»

«ምን አደረግሁት?»

«ስምንት ኤሌክትሮን ይፈልጋል፤ አራት ብቻ ነው የሰጠሽው። ከየኦክስጅኑ አንድ ጥንድ አምጪና ሁለተኛ መስመር አድርጊለት፤ ድርብ ቦንድ የሚባለው እሱ ነው።»

«ውሃም ላይ እንደዚያ ላድርግ?»

«ኧረ ተይ! የውሃው ኦክስጅን ስምንት ሞልቶለታል፤ ሃይድሮጅን ደግሞ ሁለት ይበቃዋል። መጀመሪያ ቁጠሪ!»

ትምህርቱ በተሰጠበት ዕለት ሞጣ መብራት ነበር። ሁለቱ ልጆች የሚያዩት ፕላዝማ አንድ ነው፤ ሌላ ልዩነት የላቸውም። ደሜ ፈላ። አሥረኛ ክፍል ሲደርሱ ሁለቱም ለአንድ ብሔራዊ ፈተና ይቀመጣሉ፤ ያኔ መብራት ጠፍቶብን ነበር ቢሉ ማን ይሰማቸዋል?

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ዘንድ ሄድኩ።

«ያለፈውን ለምን አላስተማሩም?»

«ጋሼ፣ ፕላዝማው አልፎታል። ወደኋላ ብመለስ የዛሬው ያመልጠናል።»

«እርስዎስ አብረው አለፉ? ጠመኔ መብራት ይፈልጋል?»

ፊቱ ቀላ። ክፍለ ጊዜውን ቴሌቪዥኑ እንደሚጨርስበት ነገረኝ፤ አልዋሸም። ግን ልጆች የሚያውቁት እሱን ነው፤ የተቀጠረውም ለማስተማር እንጂ ቴሌቪዥን ለመጠበቅ አይደለም።

«እሺ፣ ከሰዓት በኋላ አስተምራለሁ፤ ማን እንደሚመጣ እናያለን» አለ።

ቃሉን ጠበቀ። የመጡት ግን ጥቂት ናቸው። ሌሎቹ ከገጠር እየተመላለሱ የሚማሩ ስለሆኑ ሳይመሽባቸው መንገድ ጀምረዋል።

ፈተናው ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሳሉ የሚል ጥያቄ መጣ፤ ልጄ አገኘችው። ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ የምትጋራው የገጠር ልጅ ነጠላ መስመር ሥላ ዜሮ ተሰጣት። ልጅቱ ሰነፍ አልነበረችም፤ ያሳዩዋትን በትክክል ሥላለች። ላልተማረችው ነገር ኤክስ ያደረገባትም ያው መምህር ነው። የልጄን ውጤት አይቼ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ቀኑን ሙሉ ስቆጣ ዋልኩ።