የጎደለችው የጎማ ቀለበት

እዚህ እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ኤን ጋኒም ሰፈር ባለው ሕንፃችን፣ ከእኔ በታች የሚኖረው ሰውዬ የሕንፃው ኮሚቴ ኃላፊ ነው። መሣሪያ ስላለው ለፋሲካ የወጥ ቤቴን ቧንቧ የቀየረልኝ እሱ ነበር። በጋው ሳያልቅ ግን ግራና ቀኝ የሚዞረው የቧንቧው አንገት ከሥሩ ማንጠባጠብ ጀመረ። ጨርቅ ጠመጠምኩበት፤ ጨርቁም ራሰ። ሰውዬውን ጠራሁት። መጥቶ አየና ምንም ሳይነካ ወጣ። ደረጃው ላይ ጎረቤቶች ቆመው ነበር።

«ምን ላድርጋት? ቧንቧውን እንደ አህያ አንገቱን ይዛ ትጎትተዋለች» አላቸው በዕብራይስጥ። «እነዚህ ቧንቧ አይተው አላደጉም።»

ሳቁ። ከእሱ ጋር «ሻሎም» እና «ቶዳ»፣ ሰላምታና ምስጋና ብቻ ስለምንባባል ዕብራይስጥ የማልሰማ መስሎታል። ስንት ዓመት ቢሮ ሳጸዳ ጆሮዬን ቤት ትቼ የምሄድ ይመስለዋል? በሩን ዘጋሁና ነገሩን ያዝኩለት።

ወታደሯ የልጅ ልጄ ለሰንበት ስትመጣ ነገርኳት።

«ሳቭታ» አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ «ተዪው፤ በሰደር፣ ችግር የለም፣ ሌላ ሰው እንጠራለን።»

«ሌላ ሰው ቢጠግነውማ እኔ እንደሰበርኩት ይቀራል!»

እሷ ወደ ጦር ሰፈሯ ስትመለስ ከማጠቢያው ሥር ውሃውን ዘጋሁ። ብረቱ እንዳይፋቅ ጨርቅ ጠቅልዬ ማሰሪያውን በፒንሳ ፈታሁና አንገቱን ወደ ላይ ሳብኩት። ሥሩ ላይ ውሃ የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶች የሚቀመጡባቸው ሁለት ቦዮች አሉ። አንደኛው ጎማ አለው። ሌላው ባዶ ነው። ተበጥሶ ቢሆን ቁራጩ ይገኝ ነበር፤ በጣቴ ብፈልግ ምንም የለም። ሲገጥመው ረስቶታል። መርሳቱንስ ይቅር ባልኩት ነበር፤ ስሜን በደረጃው ላይ መጣሉ ነው የከነከነኝ።

አንገቱን በፌስታል ይዤ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ፤ ልኩን ጎማ ሰጡኝ። ቅባት ቀብቼ አስገባሁትና አጠበቅኩት። ጠብ አላለም። ለማንም ሳልናገር የስርየት ቀን ጾማችንን፣ የኪፑርን ዋዜማ ጠበቅኩ።

በዚያ ቀን ሰው በየበሩ እየዞረ «ስሊኻ» ይላል፤ ይቅርታ መጠየቁ ነው። እሱም አንኳኳ።

«ሳቭታ፣ ስሊኻ፣ ለሁሉም ነገር።»

«ለየትኛው ነገር?» አልኩት በዕብራይስጥ።

ደነገጠ። ወጥ ቤት አስገብቼ ውሃውን ከፈትኩ፤ አንገቱን ግራና ቀኝ አዞርኩት። ደረቅ ነው።

«አንድ ጎማ ጎድሎ ነበር። ሳትገጥመው ነው የሄድከው።»

ፊቱ ቀላ። «ስሊኻ» አለ በቀስታ።

«እዚህ አይደለም። ደረጃው ላይ።»

በጎንደር ሽማግሌዎቻችን ሲያስታርቁ፣ በሰው ፊት የተሳደበን በዚያው ሰው ፊት ነበር ይቅርታ የሚያስጠይቁት። የጎረቤቶቹን በር ሁሉ አንኳኳሁ። ለኪፑር ነጭ በነጭ ለብሰው ወጡ።

«ቧንቧውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ወለሉን እያየ።

«ጮክ በል! ከላይ ያሉት ሴትዮ ጆሯቸው ከብዷል።»

ደገመው። አልዋሽም፣ ከጾሙ በፊት እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር አልነበረም።

«አሁንስ ይቅር አልሽኝ?»

«ለጎማው ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። «የአህያው ነገር ለከርሞ ይቆይ።»