አያት ጃርት በክፍል አንድ ሞታለች

የአንድ ፊልም ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ይሻላል ወይስ አይሻልም ብሎ ሰው ሲከራከር ከሰማሁ ዝም ማለት አልችልም። የእህቴ ልጆች ይህን አመሌን ስለሚያውቁ ሆን ብለው ይነካኩኛል። «ክፍል ሁለቱ እኮ በጣም ይበልጣል» ይሉኝና ትራስ ሳልወረውርባቸው በፊት ይሮጣሉ። ይሩጡ። እኔ በሕይወቴ ከልቤ የተጣላሁበት ፊልም አንድ ነው፤ እሱም ካርቱን ነው። ክፍል አንዱንም ክፍል ሁለቱንም ያየሁት ሰቆጣ ነው። በዚያ ፊልም ላይ ሊከራከረኝ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ያን ጊዜ እዚያ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ ነበረበት።

ጊዜው የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ሰቆጣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድቤ ነበር። ትውልዴ ጋዝጊብላ ነው፤ አፌን የፈታሁት በአገውኛው በኽምጣንጋ፣ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። እንግሊዝኛዬን ግን አታንሡብኝ። ከከተማው መሥሪያ ቤቶች አንዱ ገበሬ ማስተማሪያ ብሎ ቴሌቪዥን፣ ዴክና ጀኔሬተር አምጥቶ በየገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ውስጥ ፊልም ያሳይ ነበር። መስኮቱ በጆንያ ይሸፈናል፣ ጀኔሬተሩ ውጪ ያጓራል፣ ስለ እርከን ሥራና ስለ ሽንት ቤት አቆፋፈር ይታያል። ማን ይመጣል? ፍየሉን ሸጦ፣ ጨውና ጋዙን ገዝቶ፣ የግማሽ ቀን መንገድ የሚጠብቀው ሰው ጉድጓድ ሲቆፈር ቁጭ ብሎ ያያል? አዳራሹ ባዶ ሆነ።

የአዳራሹ ኃላፊ ብልህ ሰው ነበር። አንድ የካርቱን ሲዲ ከደሴ አስመጣና «መጀመሪያ ሽንት ቤት፣ ከዚያ ካርቱን» ብሎ አስነገረ። በቀጣዩ ገበያ መግቢያ ጠፋ። ችግሩ ካርቱኑ በእንግሊዝኛ ነበር። ኃላፊው የሚተረጉም ፈልጎ ዞር ዞር ሲል እኔ እጄን አወጣሁ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። «በምን ልናገር?» ብዬ ስጠይቀው «ሰው በሚገባው» አለኝ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ወንበር ተሰጠኝ፤ በኽምጣንጋ ጀመርኩ።

ፊልሙ ስለ ጃርት ቤተሰብ ነው። ያለ የሌለ እንስሳ እያለ ጃርት! እኛ አገር ጃርት ማለት ድንችህን ነቃቅሎ የሚጨርስ ጠላት ነው። የመጀመሪያዋ ጃርት ብቅ ስትል አንድ ሰውዬ ከኋላ «በላት!» ብሎ እጁን ወደ ዱላው ሰደደ። ደግነቱ ዱላ ሁሉ በር ላይ ተከምሮ ነው የሚገባው። ጃርቶቹ ከአንድ ሀብታም ጓሮ ሥር ይኖራሉ፤ ከኩሽናው ይሰርቃሉ፤ ውሻው ያሳድዳቸዋል። አባትየው በገዛ ጥላው የሚደነግጥ ፈሪ ነው፤ እናትየው ምላሰኛ፤ ልጆቹ ሦስት ቀበጦች። አያትየዋ ጥርስ የላትም፣ ግን በሁሉም ትስቅባቸዋለች።

እኔ ከእንግሊዝኛው ከሦስት አንዱን እይዛለሁ፤ ሁለቱን ከራሴ እሞላለሁ። ፈሪውን አባት የጎረቤት ወረዳ፣ የሰሃላ ሰው አደረግኩት። የሰሃላ ሰዎች ከወደ ግድግዳው «ኧረ የአበርገሌ አድርጊው!» ብለው ጮኹ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ፊልሙን በየገበያው ቆራርጦ ነበር የሚያሳየው፤ ከሦስት ገበያ በኋላ ጃርት የሚጠላ ሰው አልነበረም። ሰዉ «ዛሬስ ጎረቤቶቻችን ይታያሉ?» እያለ ይገባ ጀመር።

ፊት ለፊት መሬት ላይ፣ አግዳሚው ወገቤን ያሳምመኛል እያሉ፣ ሁልጊዜ አንዲት አሮጊት ይቀመጡ ነበር። ከጋዝጊብላ ማር ይዘው የሚመጡ ናቸው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ዋጋ ከመናገርና «ጨምር» ከማለት አያልፍም። ስቀው አያውቁም። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲንከባለል እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ያያሉ።

እንግዲህ ወደ መጨረሻው አካባቢ ነጭ ነገር ከሰማይ ይወርዳል። እኔ «አመዳይ ወረደ» አልኩ። ምን ልበል? አመዳይ ነዋ። አመዳይ እህል ላይ ሲወርድ ምን እንደሚከተል ለዋግ ሰው አይነገርም። የጃርቶቹ ጎሬ ባዶ ሆነ። አያትየዋ የቀረቻትን አንዲት ፍሬ ለትንሹ ልጅ ሰጠችና «እኔ በልቻለሁ» አለች፤ ይቺን በእንግሊዝኛውም ሰምቻታለሁ። ከዚያ ተጋደመች። ዓይኗን ጨፈነች። ልጆቿ ቅጠል አለበሷት፣ ዙሪያዋን ቆመው ቀስ ብለው ዘፈኑ።

ይህ ምንድን ነው? እኔ የሰባ ሰባት ድርቅ ሲሆን ልጅ ነበርኩ። አሮጊት የመጨረሻዋን ቁራሽ ለልጅ ሰጥታ «በልቻለሁ» ብላ ስትጋደም ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳኝ መዝገበ ቃላት አያስፈልገኝም። «ሞተች» አልኩ።

ያን ጊዜ ማር ሻጯ አሮጊት ተነሡ። በኽምጣንጋ ሙሾ አወረዱ። እንዲያ ያለ ሙሾ ሰምቼ አላውቅም፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ወንዶቹ ተነሥተው አንገታቸውን ደፉ። ኃላፊው ደንግጦ ጀኔሬተሩን ሊያጠፋ ሮጠ። ለጃርት ተለቀሰ ተብሎ ከተማው አንድ ሳምንት ሳቀብን። ይሳቅ አልኩ።

ከፋሲካ በኋላ ክፍል ሁለት መጣ። ያመጣው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ ለበዓል ሄዶ ከባሕር ዳር ይዞት መጣ። ትሑት ሰው ነው፣ ክፉ አልነበረም። እኔን ሲያገኘኝ «እቱ፣ ከመጀመሪያው እጅግ ይሻላል፣ ታያለሽ» አለኝ። ኃላፊው ደግሞ «አሁን ትክክለኛ ተርጓሚ አግኝተናል፤ አማርኛ ሁሉም ይሰማል» ብሎ ወንበሬን ለመምህሩ ሰጠው። ደሜ ፈላ። ሁሉም ይሰማል? እነዚያን አማርኛ የማይሰሙትን ሴቶች ጠይቆ ያውቃል? ቢሆንም ከሰው ጋር ተቀመጥኩ።

ፊልሙ ተጀመረ፤ በዚያ ቀን ሳይቆረጥ ሙሉው ነው የሚታየው። ቅጠሉ ተንቀሳቀሰ። አያት ጃርት አዛጋችና ብድግ አለች።

ጉድ ፈላ! ሰው ከመቀመጫው ተነሣ። «አልሞተችም እንዴ?» «ቀብረናት አልነበር?» አንዱ አማተበ። መምህሩ በአማርኛ «ተኝታ ነበር፤ እነዚህ እንስሳት ብርዱ እስኪያልፍ ይተኛሉ» ብሎ በእርጋታ አስረዳ። እውነቱን ነው፤ እኔም ወዲያው ገባኝ። አንድ መቶ ሰው ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ግን የማየው እሳቸውን ብቻ ነበር። ማር ሻጯ አሮጊት ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳፈጠጡ ቀሩ፤ አያትየዋ ትጨፍራለች፣ እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አላደረጉም። ያስለቀስኳቸው በውሸት ከሆነ ምን ፊት ይዤ ነው የማያቸው? ወንበሩን ይውሰዱት፣ ስሜንም ያጥፉት፤ እሳቸውን ግን እንዴት አድርጌ ነው የምጋፈጣቸው?

ስለ ፊልሙ ፍረጂ ካላችሁኝ ደግሞ ፍርዴ ይኸው። ክፍል ሁለቱ በሥዕሉ ይበልጣል፤ የጃርቶቹ እሾህ አንድ በአንድ ይታያል። ውሻውም ተሻሽሏል፤ በመጀመሪያው መጮህ ብቻ ነበር ሥራው፣ በሁለተኛው አንዴ ያዝናል፣ ያም ጥሩ ነበር። ሌላው ሁሉ ጫጫታ ነው። ከተማ ገቡ፣ መኪና ነዱ፣ አሥር አዲስ እንስሳ ተጨመረ፣ አንዱንም ሳንለምደው አለቀ። በመጀመሪያው አባትየው ፈሪ ሆኖ ሳለ ለልጆቹ ሲል ውሻውን ይጋፈጣል፤ በሁለተኛው መሳቂያ ሆኖ ቀረ። አያትየዋማ ጨፋሪ ሆነች። ያቺ የመጨረሻዋን ፍሬ የሰጠች ሴትዮ የት ገባች? ማንም አላነሣትም፤ ልጁ እንኳ አላመሰገናት።

መምህሩ በደንብ ተረጎመ። ነገር ግን ቀልዱን አስረድቶ ሲጨርስ ቀልዱ አልፏል። አዳራሹ እየዘገየ ሳቀ፤ ሴቶቹ ጭራሽ አልሳቁም።

ፊልሙ ሲያልቅ ኃላፊው ፊት አወጣኝ። «ተሳስቻለሁ በይና ሕዝቡን ይቅርታ ጠይቂ» አለ። ወደ አሮጊቷ ዞሬ በኽምጣንጋ «እናቴ፣ ተሳስቻለሁ፤ ተኝታ ነው እንጂ አልሞተችም። እርስዎን በከንቱ አስለቀስኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

አሮጊቷ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«ለጃርቷ ያለቀስኩ መሰለሽ?» አሉኝ።

ሁለት እርምጃ ወደ እኔ ቀርበው ቀጠሉ።

«እናቴ በሰባ ሰባት ወደ ኮረም ለእርዳታ ስንሄድ መንገድ ላይ ነው የቀረች። የያዘችውን ለልጄ ሰጥታ በልቻለሁ ብላ ነው የተጋደመች። ማልቀሻ አቅም አልነበረኝም። ቅጠል አልብሻት አለፍኩ። ይኸው እስከዛሬ ዓይኔ ደርቆ ኖሬ፣ አንቺ ሞተች ስትይኝ ነው አልቅሼ የወጣልኝ።» ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከቱ «ይቺ ነቃች። የኔዋ አልነቃችም። ያን የፊተኛውን መልሳችሁ አሳዩኝ፤ እንዳለቀስኩ ይቅር» አሉ።

መምህሩ ኽምጣንጋ አይሰማም። «ምን አሉ?» አለኝ። ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ በአማርኛ ነገርኩት። በሕይወቴ በትክክል የተረጎምኩት እሱን ብቻ ነው። ፊቱ ተለወጠ።

ኃላፊው «የታየ ፊልም እንዴት ይደገማል» ብሎ ተከራከረ። አሁን ግን እኔም ድፍረቴ ተመልሶልኝ ነበር። «ካልተደገመ ሽንት ቤትህን ለብቻህ ታያለህ» አልኩት። ሴቶቹ ከኋላዬ ቆሙ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ወንበሬን ጎትቼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኩትና ወጣሁ።

በቀጣዩ ገበያ ክፍል አንድ ከዳር እስከ ዳር ታየ። መምህሩ ቀድሞ መጥቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፈሪውን አባት በዚያ ቀን የአበርገሌ አደረግኩት፤ የሰሃላ ሰዎች አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ሳቅን። ከዚያ አመዳዩ ወረደ። ፍሬዋ ለልጁ ተሰጠች። አያትየዋ ተጋደመች፣ ቅጠል ለበሰች። መቶው ሰው ሁሉ ተኝታ እንደሆነ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። አይቼው፣ አውቄው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሞተች» አልኩ።

አሮጊቷ ተነሡ። ባለፈው ጊዜ ስም አልጠሩም ነበር። አሁን የእናታቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ። ሴቶቹ ስሙን ተቀብለው አስተጋቡ፤ ወንዶቹ ተነሥተው አንገታቸውን ደፉ። መምህሩም ተነሣ።