የልብስ ማስጫው ሽቦ

ሰሞኑን የኤሌክትሪክ ምድጃዬን በረጠበ እጄ ስነካው ከጣቶቼ ጫፍ እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ። ሶኬቱን ነቅዬ ወንበር ሳብኩና ብቻዬን ሳቅሁ። ልጄ ደንግጣ ምን እንደሆንኩ ብትጠይቀኝ አጠገቤ አስቀመጥኳት፤ እንዲህ ያለ ንዝረት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከትልቅ ጭንቅ አውጥቶኝ ነበርና።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ከገበያው ጀርባ፣ ጣሪያዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ በሆነች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር፤ እናቴ፣ ታናሽ እህቴ አልማዝና እኔ። አባታችን ካረፈ ወዲህ እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር የምታሳድገን። የደብረ ብርሃን የጠዋት ውሃ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ቁር አለው፤ እሷ ግን ያለቻት አንድ ጫማ እንዳትበላሽባት አውልቃ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ በባዶ እግሯ ጭቃው ላይ ቆማ ታጥብና ከጣሪያው ጠርዝ እስከ ባሕር ዛፉ በተወጠረው ሽቦ ላይ ታሰጣው ነበር። አልማዝና እኔ በአንሶላዎቹ መሃል ስንሯሯጥ የእናቴ ቁጣ እንኳ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ሲጀምር የእናቴ ሁኔታ ተለወጠ። ልብስ ስታሰጣ ድንገት እጇን ሰብስባ ትቆማለች፤ ቀኟን በግራዋ ታሻለች፤ ስንጠይቃት ብርድ ነው ትለናለች። ሳትነግረን ጠበል መመላለስም ጀመረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለጎረቤታችን ለእትዬ ጥሩነሽ ስታወጋቸው ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ጎረቤላ ከተማ ትኖር የነበረችው ታላቅ እህቷ የሞተችው እንደ እሷው እጇን ይነዝራት ጀምሮ፣ ከዚያ ጎኗ ደንዝዞ፣ ዓመት ሳይሞላት ነበር። እናቴም አልማዝን ሰላ ድንጋይ ለሚኖረው አጎታችን ለመስጠት ተነጋግራ ጨርሳለች።

«እጄ ሳይከዳኝ ትንሿን ላስጠጋት ብዬ ነው» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

የፊዚክስ መምህራችን መምህር ኑሩ የአልዩ አምባ ሰው ነበሩ፤ ንግግራቸው ረጋ ያለ፣ ኮታቸው ጠመኔ የማያጣ። በዚያው ሳምንት ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ቁራጭ ሽቦና አንዲት ትንሽ አምፖል ይዘው መጡ። ሽቦውን ሲያገናኙት አምፖሏ በራች፤ አንዱን ጫፍ ሲያላቅቁት ጠፋች። ኤሌክትሪክ ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ካላገኘ ንቅንቅ አይልም አሉን፤ መዳብ ያሳልፈዋል፣ ጎማና ፕላስቲክ ይከለክሉታል፣ እርጥብ መሬትም የሰው ገላም መንገድ ይሆኑታል፤ ስለዚህ በባዶ እግሩ ጭቃ ላይ የቆመን ሰው ይይዘዋል፣ ጫማ ያደረገውን ግን አንዳንዴ ይምረዋል። ሌሎቹ ሲጽፉ እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እናቴ ሽቦው ላይ ልብስ የምታሰጣው በባዶ እግሯ ነበር፤ እኔና አልማዝ ደግሞ ከፕላስቲክ ጫማችን ወርደን አናውቅም።

ስንለቀቅ እስከ ቤት በሩጫ ሄድኩ። እናቴ ገበያ ነበረች። ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ላይ ቆምኩና የረጠበ ጣቴን ወደ ሽቦው ሰደድኩ። ነዘረኝ። ደግሜ ነካሁት፤ ደግሞ ነዘረኝ። ኤሌክትሪክ ነዝሮት በደስታ ያለቀሰ ሰው ከእኔ ሌላ መኖሩን እንጃ።

ወደ ትምህርት ቤት ተመልሼ ለመምህር ኑሩ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ሽቦው ይዞ ቢያስቀረኝ ለእናቴ ምን ሊሏት እንደነበር ጠየቁኝ፤ ሁለተኛ እንዲህ ካደረግሁ ክፍላቸው እንደማልገባ አስጠነቀቁኝና ዣንጥላቸውን አንስተው ተከተሉኝ።

መብራታችን ከጎረቤታችን ከጋሽ ወርቁ ቆጣሪ በጣሪያው ላይ ተስቦ የሚመጣ ነበር። መምህር ኑሩ ቆጣሪውን አስጠፍተው መሰላል ወጡ። የመብራቱ ሽቦ ከቆርቆሮው ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ልባሱ ተልጧል፤ መዳቡ ቆርቆሮው ላይ አርፏል፤ የልብስ ማስጫው ሽቦም የታሰረው እዚያው ቆርቆሮ ላይ ነው። እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ስትደርስ መምህሩን መሰላል ላይ ስታያቸው ቤቱ ሊፈርስባት መሰላት። እሳቸው ወርደው እጅ ነሷትና፣

«ወይዘሮ አስካለ፣ እጅዎ ደህና ነው። የተበላሸው ሽቦው ነው» አሏት።

እናቴ እጇን ገልብጣ አየችው። «እውነትም ልብስ ሳላሰጣ ነዝሮኝ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ የማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ስንት ሳምንት ይዛው የከረመችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። መምህር ኑሩ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩላት። ጋሽ ወርቁም ከጣሪያችን ጋር የተያያዘው የገዛ ቆርቆሮ በራቸው ሲነዝራቸው ደም ብዛት መስሏቸው ጨው መብላት ትተው እንደነበር ያን ቀን አመኑ፤ በማግስቱ ባለሙያ ጠርተው አዲስ ሽቦ አስዘረጉ። አልማዝ ሰላ ድንጋይ አልሄደችም። መምህር ኑሩም ከዚያ በኋላ ልብሳቸውን ራሳቸው እንዲያጥቡ እናቴ አልፈቀደችላቸውም።

እናቴ ብዙ ዓመት ኖረች፤ የልጅ ልጆቿን በዚያው እጇ አቀፈች፤ ያረፈችውም አርጅታ፣ ሁለታችን አጠገቧ ሆነን ነው። መምህር ኑሩ ወደ አረርቲ ተዛውረው ወሬያቸው ጠፋ። ግቢያችን ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ በዚያ ሳልፍ ቦታውን የምለየው በግምት ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ደግ ደጉን ወሬ ብዙ ሰምቻለሁ፤ የጎደለኝ ሰምቼ ስበቃ እናቴን ላበስር እየሮጥኩ የምሄድበት ቤት ነው።