የረቡዕ ቅቤ

ይህ የሆነው ጣሊያን ጎንደርን በያዘ ጊዜ፣ እኛ ከአዲ አርቃይ በኩል ወደ ከተማው በገባን በሁለተኛው ወር ነው። ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አሥራ ስድስት ሞልቶኛል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም፤ ሰዎቹ ክፉ ነበሩ፣ ሰበቡን የሰጠኋቸው ግን እኔ ነኝ። ረጅም ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ብቸኩል አትፍረዱብኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነው። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ጣሊያኖቹ ለመንገድ ሥራ ቀጥቃጭ ይፈልጋሉ ሲባል አባቴ ወናፉን፣ መዶሻውንና እኛን በጭነት መኪና አሳፍሮ በዛሪማ አድርጎ ጎንደር አመጣን። ከአንገረብ ወንዝ ማዶ ጎጆ ቀለስን። ጎረቤቶቻችን እኛ ቀድተን ካልራቅን ወደ ምንጩ አይጠጉም። እኛም ብንሆን ሌላ ሰው ከነካን ገላችንን ሳንታጠብ ቤታችን አንገባም። እንዲህ ተራርቀን በሰላም እንኖር ነበር ማለት ይቻላል።

አድማሱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። አባቴ ከተማ ስንገባ አጥብቆ የያዘው አንድ ነገር ነበር፤ አድማሱን የመንግሥት ትምህርት ቤት ማስገባት። የአባቴን አንድ ዓይን የብረት ፍንጣሪ አጥፍቶታል። «የቀረችው አንዷ ዓይኔ ሳትጠፋ ልጄ ሲያነብ ትየው» ይል ነበር።

አንድ ቀን ገበያ ላይ ተለፈፈ። ወንድ ልጅ ያለው ረቡዕ ጠዋት የልጁን ጠጉር ላጭቶ፣ ልብሱን አጥቦ ያምጣ፤ ከዚያ ቀን በኋላ መዝገብ ይዘጋል ተባለ። አባቴ ሲሰማ እንደ ልጅ ዘለለ። እኔ ግን ምንጩ ዳር አንዲት ሴት ለሌላዋ «የቡዳ ልጅ እንኳ አይቀበሉም፤ ከልጆቻችን ጋር ማን ያስቀምጠዋል» ስትል ሰማሁ። የምትለው እኔ እንድሰማ ነበር።

ለአባቴ አልነገርኩትም። የራሴን መላ መታሁ። ከአሮጌ ጥለት ጥቁር ክር መዝዤ ገመድኩና ረቡዕ ጠዋት በአድማሱ አንገት አሰርኩት፤ ልክ ክርስቲያኖቹ እንደሚያስሩት ማተብ።

«ማን ነህ ቢሉህ ክርስቲያን ነኝ በል። የክርስትና ስም ቢሉህ ወልደ ሚካኤል በል» አልኩት።

«አባ ቢጠይቀኝስ እታለም?»

«አባ አይጠይቅህም። እሱ እስኪሄድ አንገትህን በነጠላህ ሸፍን።»

እናቴ አራስ ነበረች። በእኛ ወግ አራስ ለብቻዋ ጎጆ ስለምትቀመጥ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። አባቴ ማልዶ ወደ ሥራው ሲሄድ «ሂጂና ተራ ያዢለት፤ አለቃዬን አስፈቅጄ እደርሳለሁ» አለኝ። ቂጣ ጋግሬ፣ ለመንገድ ቋጥሬ፣ ወንድሜን እየጎተትኩ ሄድኩ።

ስንደርስ ሰልፉ ከአጥሩ ውጭ ወጥቶ ነበር። ከፊታችን ጥላ የያዘች፣ ወፈር ያለች የከተማ ሴት ልጇን ይዛ ቆማለች። ዘወር ብላ አድማሱን አየችው፣ ማተቡንም አየችው።

«ሸጋ ልጅ ነው! ክርስትና ስምህ ማነው የኔ ጌታ?»

«ወልደ ሚካኤል።»

«እሰይ! ሚካኤል ያሳድግህ» አለችና ራሱን ዳሰሰችው። አድማሱ እንዳትነካው ሸሸት ሲል እኔ በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። ቆሞ ተዳሰሰ። እኔም ልቤ ሞቀ። እንዴት ያለሁ ብልጥ ነኝ አልኩ!

ፀሐዩ ከረረ። ሰልፉ አልነቃነቅ አለ። አድማሱ «ራበኝ» ብሎ ያለቅስ ጀመር። ቋጠሮዬን ፈትቼ ቂጣውን ቆርሼ ሰጠሁት። የቀባሁት ቅቤ ቀልጦ በጣቶቹ መካከል ይወርድ ነበር፤ እሱም ይልሰዋል።

ሴትዮዋ አፍንጫዋን አነሳች። ቂጣውን አየች። እኔን አየችኝ።

«ምንድን ነው የሚበላው?»

«ቂጣ ነው እትዬ።»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ረቡዕ! ክርስቲያን ረቡዕ ቅቤ አይቀምስም፤ ሰባት ዓመት ያለፈው ልጃቸው ሁሉ ይጾማል። ክሩን አስቤበት ነበር፤ ስሙን አስቤበት ነበር፤ ቀኑን ግን አላሰብኩትም። በእኛ ቤት ረቡዕ ቅቤ ይበላል፤ ማን ትዝ ይለዋል!

«በስመ አብ!» ብላ ጮኸች። «ሚካኤልን እየጠራ ረቡዕ ቅቤ ይልሳል! ኑ እዩ! ምነው ዝም ትላላችሁ፣ ቡዳ መሐላችሁ ቆሟል!»

እጇን ሰዳ ማተቡን ጨብጣ ሳበችው። ክሩ አልበጠስ ብሎ የወንድሜን አንገት ላጠው። አድማሱ ቂጣውን ጥሎ እኔን ጨመደደኝ። ሴቶቹ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሸፈኑ። አንዱ የሠፈራችን ሰውዬ «ማንን ልትበሉ ነው የመጣችሁ? አዲ አርቃይ ሰው አለቀ?» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። የአፈር ጓል ትከሻዬን መታኝ። ማን እንደወረወረው አላየሁም። አንድ ጣሊያን በር ላይ ብቅ አለ፣ አስተርጓሚውን ምንድን ነው አለው፣ ሲነግረው ፈገግ ብሎ ተመልሶ ገባ።

አባቴ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። በቀጥታ ከሥራው ስለመጣ እጁም ፊቱም ጥላሸት ነው። ባለ ጥላዋ «አባትዬው ይኸውና!» አለች። ሰዉ ሁሉ እንዳይነካው ተሯሩጦ ግራና ቀኝ ሸሸ። ያ ከጠዋት ጀምሮ አልነቃነቅ ያለ ሰልፍ ከአጥሩ እስከ ጸሐፊው ጠረጴዛ ድረስ ለሁለት ተከፈለ። አባቴ አየው። እኔንና አድማሱን በእጃችን ያዘና በመሐሉ አልፎ መዝገቡ ፊት ቆመ።

ጸሐፊው የከተማው ሰው ነው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ልጄን ላስመዘግብ ነው ጌታው።»

«ይህን ሁሉ ሰው አታይም? ያንተን ብጽፍ እነሱ ልጆቻቸውን ይወስዳሉ።»

አባቴ መልስ ሊሰጥ ሲል የአድማሱን አንገት አየ። ማተቡ ተወጥሮ ቆዳው ላይ ደም ቋጥሯል።

«ይህ ምንድን ነው?»

አድማሱ ቀና ብሎ አየኝ። ትንሽ ልጅ ነው፤ ግን ስሜን አልጠራም። «እኔ ነኝ አባ» አልኩ። በጥፊ የሚለኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አልመታኝም። በጥቁር ጣቶቹ ቀስ ብሎ ቋጠሮውን ፈታና ክሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይህ የእናንተ ነው፤ አናረክሰውም» አለ። «አሁን ጻፍ። አድማሱ። የቀጥቃጭ ልጅ በል። ቤተ እስራኤል በል። ሁለቱንም ጻፍ።»

«አልጽፍም። ወደዚያ ሂድ።»

«እሺ» አለ አባቴ። «እስክትጽፍ እቆማለሁ።»

ሁለት መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ቆመ። ጸሐፊው «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ። ማንም አልመጣም። «ቀጣይ!» አለ ደግሞ። ባለ ጥላዋ ከሩቅ «እሱ እዚያ ቆሞ? አልጠጋም!» አለች። ዘበኛው ዱላውን ይዞ መጣና አባቴን ላለመንካት በዱላው ጫፍ ልብሱን ጎነጥ ጎነጥ አደረገው። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ በዚያ የሚነቃነቅ አይደለም። ሰዉ መጮህ ጀመረ፤ አሁን ግን የሚጮኸው በጸሐፊው ላይ ነው። «ምነው ብትገላግለን! ጽፈህ ስደደውና ተራችን ይድረስ!»

ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። «ጻፍኩ! ይኸው ጻፍኩ! በሩ ሥር ነው የሚቀመጠው፣ ለብቻው። ሂድ አሁን፣ ሰው ይቅረብ!»

«ቅዳሜ አይመጣም፤ ሰንበታችን ነው» አለ አባቴ።

«ሂድ ብዬሃለሁ!»

ወንዙ ዳር ስንደርስ እንደ ወጋችን ገላችንን ታጠብን። አድማሱ ውኃ ውስጥ ቆሞ «አባ፣ እነሱም እኛን ነክተው አሁን ይታጠባሉ?» አለ። አባቴ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ተወና ወደ እኔ ዞረ። «ልጄን አባቱን እንዲክድ አስተማርሽው» አለኝ። ጓሉ ካመመኝ ይልቅ ይህ አመመኝ፤ እስካሁንም ያመኛል።

አድማሱ በሩ ሥር ለብቻው ተቀመጠ። ዝናብ ሲመጣ የሚመታው እሱን ነው። በዕረፍት ሰዓት አብሮት የሚጫወት ስለሌለ ፊደሉን እየደጋገመ መሬት ላይ ይጽፍ ነበር፤ ከሁሉም ቀድሞ ለየው። ማታ ማታ ከወናፉ አጠገብ መሬቱን አመድ አልብሶ እኔን ፊደል ያስቆጥረኝ ነበር። ለሴት ልጅ ትምህርት ቤት አልነበረምና አስተማሪዬ ያ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ስሳሳት ይቆጣኛል! አባቴም በአንዷ ዓይኑ ጎንበስ ብሎ ያየናል።

አሁን ሳስበው የምኮራበትም የማፍርበትም ነገር ያው አንድ ቀን ነው። እናቴ ያችን ባለ ጥላ ሴት ይቅር በያት ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። ሆዴ ግን እሺ አላለም፤ መዋሸት ደግሞ ያን ቀን ይበቃኛል። ልጇ አንድ ሳምንት ቀርቶ ተመለሰ፤ ከአድማሱ ጋር በአንድ ክፍል ይማራል። እሷ መንገድ ላይ ስታየን እስካሁን ጥላዋን ወደኛ ዘንበል አድርጋ ፊቷን ትከልላለች።

ስሟን እዚህ አልጻፍኩም። መጻፍ አቅቶኝ ግን አይደለም።