ፌና የምትባል ነጥብ

ሁብ ፍራንሰን አጠገቤ ተቀምጦ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። እሱ ደች ነው፣ የማስትሪክት ልጅ፤ እኔ ከድንበሩ ማዶ፣ ከቤልጂጓ ሃሰልት ነኝ። የምንሠራበት አዳራሽ የአራት አገር የላይኛው ሰማይ በረራ የሚመራበት ነው። ደቹም ጀርመኑም ቤልጂጉም ጎን ለጎን ስለምንቀመጥ፣ አውሮፕላኑ ድንበር መሻገሩን እንኳ ሳያውቀው ያልፋል።

"እናንተ ቤልጂጎች ጉድጓድ የሌለው መንገዳችሁ ሰማይ ላይ ያለው ብቻ ነው" ይለኝ ነበር። "እሱንም እኛ ስለያዝንላችሁ!"

ይህ ሳቅና ጨዋታ ሴት ልጁ እስክትሞት ድረስ ነው። ፌና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በመጋቢት ወር፣ ማስ ወንዝ ላይ ጀልባ ስትቀዝፍ ተገልብጣ ሰጠመች። አስከሬኗ የተገኘው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ከቀብሩ በኋላ ሚስቱ ትሬስ የልጇን ስም አልጠራችም። እሱንም አትጥራ አላለችውም፤ ብቻ ስሙ ከዚያ ቤት ወጣ።

በዓመቱ አገሮቹ አዲስ የበረራ መስመር ለመክፈት ተስማሙ። መስመሩ ላይ አንድ ነጥብ ያስፈልግ ነበር። ነጥብ ስንል ምድር ላይ ምንም የለውም፤ አብራሪዎች የሚያነጣጥሩበት፣ በአምስት የላቲን ፊደል የሚጻፍ ስም ነው። የየትኛውም አገር ሰው አፍ ላይ መቅለል አለበት፤ ከሌላ ነጥብ ስም ጋርም መምታታት የለበትም። ሁለት ስም ቀርቦ ወደቀ። ሁብ ወረቀት ሳብ አድርጎ አምስት ፊደል ጻፈ።

"ምን ማለት ነው?" አለው የጀርመኖቹ ተወካይ ዴትሌፍ።

"ምንም። ለአፍ ይቀላል።"

ዴትሌፍ ጮክ ብሎ ሞከረው። "ፌና። ፌና። ጥሩ ነው፣ ይሁን።"

እኔ የማን ስም እንደሆነ እያወቅኩ ወረቀቱን ወደ ቀጣዩ ሰው አሳለፍኩት።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስሟ ጆሯችን ውስጥ ነበር። ቱርኩ አብራሪ በራሱ ቅላጼ፣ ፖርቱጋሉ በራሱ፣ "በቀጥታ ወደ ፌና" ይላሉ። ሁብ "ወደ ፌና ቀጥሉ" ብሎ ይመልሳል። በመጀመሪያው ቀን "ደህና ነህ?" ብዬ ስጠይቀው "ሥራ ላይ ነኝ" አለኝ።

በበጋው፣ ቤተሰቦቻችን መሥሪያ ቤቱን በሚጎበኙበት ቀን፣ ትሬስ የቼሪ ኬክ ይዛ መጣች። የጆሮ ማዳመጫውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። የምታውቅ መስሎኝ ነበር። ትንሽ አዳመጠች፤ ከዚያ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ሁብ ከመቀመጫው ተነሣ።

"በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚሏት?" አለችው።

"ሁለት መቶ ይሆናል። ሲበዛም አለ።"

"የማያውቋት ሰዎች" አለች ትሬስ። "ሁለት መቶ ጊዜ።"

ተቆጣች ብዬ ነበር። እሷ ግን ነጥቡ የት እንደሆነ ጠየቀችው፤ በማግስቱ እሑድ በመኪና ሄዱ። አይፍል ጫካ ውስጥ፣ ከጀርመን ድንበር አለፍ ብሎ ነው። ከዛፍ በቀር ምንም አልነበረም። አንጋጠው ቆይተው ተመለሱ።

በሳምንቱ የአብራሪዎችንና የእኛን ንግግር የሚይዝ ትንሽ ሬዲዮ ገዛች፤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሁብ እየበላ ሊያወራት ሲል እጇን ታነሣለች።

"ቆይ፣ ሊጠሯት ነው።"

ይህ ሦስት ዓመት ቆየ። አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ጋ ያዝ አደረገኝና "ከወንዝ ያወጣኋትን ልጅ ሰማይ ላይ ሰቀልኳት" አለኝ።

ከዚያ አገሮቹ እንደገና ተሰበሰቡ። አውሮፕላኖች በነጥብ በነጥብ መሄዳቸው ቀርቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀጥታ እንዲበሩ ተስማሙ። ዴትሌፍ የሚሰረዙትን ነጥቦች ዝርዝር እያነበበ መጥቶ "ፌናስ? የምትፈልጓት አላችሁ?" አለ። ሁሉም ወደ ሁብ ዞረ።

"የለም" አለ ሁብ። "ትውጣ።"

ስንወጣ "ለትሬስ ንገራት" አልኩት። "እሺ" አለ። አልነገራትም።

ለውጡ ሥራ ላይ የዋለው ሐሙስ ዕለት ነው። ትሬስ ስሙ የማይጠራበትን ሬዲዮ እንደከፈተች ሳምንቱ አለፈ፤ ምንም አልጠየቀችውም። በቀጣዩ ረቡዕ ረፋድ ላይ አንድ በድምፁ ሸምገል ያለ ካፒቴን በሬዲዮ ገባ። የልማድ ነገር ሆኖበት፣ "እንደምን አደራችሁ፣ በቀጥታ ወደ ፌና ይፈቀድልን?" አለ።

ሁብ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ለቀቀው። እኔ ልመልስለት እጄን ስዘረጋ በክንዱ ገፋኝ።

"ፌና የለችም" አለ። "ተሰርዛለች። ባላችሁበት አቅጣጫ ቀጥሉ።"

ቦታውን ለሌላ ሰው አስረክቦ ወደ ቤቱ ሄደ። የቀረውን እሱ ነው የነገረኝ።

ትሬስ ወጥ ቤት ተቀምጣለች፤ ሬዲዮው ጠፍቷል።

"ሰማሁህ" አለችው።

"አውቃለሁ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዴት ብዬ?"

"አሁን እንዳልከው።" ሬዲዮውን ገፋ አደረገችው። "አንተ እንደጨረስክ አጠፋሁት። አብራሪው ምን አለ?"

"አመሰገነ። መልካም ቀን ብሎ አለፈ።"

"ይኼው ነው?"

"ይኼው ነው።"

ተነሥታ ደረጃውን ወጣች። ከቀብሩ ወዲህ ተዘግቶ የቆየውን ክፍል ስትከፍት ሰማት። ቀጥሎ ድምፅዋ መጣ። የፌናን ስም ትጠራ ነበር። ለቅሶ አልነበረም፤ ምሳ ቀርቧል ውረጂ እንደሚባል ዓይነት ጥሪ ነው፤ ትጠራና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ፋታ ትሰጣለች፣ ደግማ ትጠራለች።

ሁብ ደረጃው ሥር ቆመ። መውጣቱን ፈራ፤ እዚያ ላይ እናትና ልጅ ሁለት ሆነው ቢያገኛቸውስ ብሎ ነው የፈራው፣ እንዲህ ብሎ ነው የነገረኝ። በመጨረሻ ጫማውን አውልቆ ወጣ። ትሬስ አልጋው ጫፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠና አብሯት ጠራ።