ፍሬኑ ልጅ ሲፈልግ

«ፍሬኑ» የሚለውን ስም ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። መኪና መንዳት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ በአሰልጣኙ በኩል ባለችው ሁለተኛ ፍሬን ላይ እግሩን እንደተከለ ፀጉሩ ሸሸ። ታክሲ ተሳፍሮ ጋቢና ከተቀመጠ ባዶ ወለል ይረግጣል። ሚስቱ እንደምትለው በእንቅልፍ ልቡም ይረግጣል፤ ያኔ የሚረግጠው ግን የሷን ቅልጥም ነው።

ከተጋቡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ልጅ የላቸውም። የማሠልጠኛው ጸሐፊ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ «ፍሬንስ አለው፤ ያጣው ፍሬ ነው» ብላ ቀለደች። እሱም ከሁሉም በላይ ሳቀ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ሞተር ሳያስነሳ፣ መስኮቱን ዘግቶ ሲቀመጥ ያየው የለም።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ አፍንጫ ስትጠርግ ውላ ማታ ወደ ዝምተኛ ቤት ትገባለች። ያማከሯት ዶክተር «ችግሩ ከሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ነው፤ የሱን ዘርና ያንቺን እንቁላል ውጭ አዋሕደን ወደ ማህፀን እንመልሰዋለን» ስትል፣ ገና ንግግሯ ሳያልቅ «መቼ እንጀምር?» ያለችው እሷ ነበረች።

ፍሬኑ ግን እንደ ልማዱ ረገጠ። «እስቲ እንጸልይበት።»

«ስንጸልይ አይደል እንዴ የከረምነው?» አለች ሚስቱ። «ዶክተሯ መልሱ ሆና እንደሆነስ?»

ጀመሩ። ለማንም ላለመናገር ተማማሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለእታለም።

እታለም ታላቅ እህቱ ናት። ወላጆቻቸው በልጅነቱ ስለሞቱበት አጥባ አስተምራ፣ ገርፋ አሳድጋ ለወግ አብቅታዋለች። የዳረችውም እሷ ስለሆነች የቤቱ ቁልፍ በእጇ አለ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሳታንኳኳ ከፍታ ትገባና መጀመሪያ ፍሪጁን ትፈትሻለች። አንድ እሁድ ከቲማቲሙ ኋላ አንድ ኩርቱ ፌስታል ሙሉ መርፌና ብልቃጥ አገኘች። ፍሬኑ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ኩርቱውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወንበር ላይ ተሰይማለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው በለሆሳስ።

«ምኑ?»

«አልቆጣም። እናት ሆኜ አይደል ያሳደግሁህ? ከመቼ ጀምሮ ነው የምትወጋው?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም እታለም! እሷ ናት የምትወጋው።»

«እሷንም አስጀመርካት!» ብላ ደረቷን ደቃች።

መናዘዝ ግድ ሆነ። እታለም እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ሰምታም የመርፌው ሱስ ይሻል ነበር የሚል ፊት አሳየችው።

«የሰው ልጅ እንደ እርጎ በጠርሙስ ይረጋል እንዴ?»

«ጠርሙስ አይደለም፤ ትንሽ ሳህን ናት።»

«ሳህን! ይባስ ብሎ! አድጎ ‘ከየት መጣሁ?’ ሲላችሁስ? ፍሪጁን ልታሳዩት ነው?»

«እትዬ፣ ከቲማቲሙ ጎን ያለው መድኃኒቱ ነው፤ ልጁ አይደለም» አለች ሚስቱ ከማድ ቤት።

«አይ የኔ ልጅ፣ አንቺን አልወቅስም። ግን እግዜር ያልሰጠውን በጓሮ በር ገብቶ መውሰድ ስርቆት ነው። ካላመናችሁኝ አባን እጠይቃለሁ።»

ፍሬኑ «አባ» የሚለውን ሲሰማ ላብ አጠመቀው። የሰበካቸው ቄስ፣ እኚያው አባ፣ የራሱ ተማሪ ነበሩ። ምእመናኑ አዋጥተው አሮጌ መኪና ስለሰጧቸው፣ ራቅ ያሉ በሽተኞችን እየነዱ ሊጎበኙ ማክሰኞ ማክሰኞ ይማራሉ። እውነቱን ለመናገር ፍሬኑ ራሱ ይህንኑ ጥያቄ ሊጠይቃቸው ስንት ማክሰኞ አፉን ከፍቷል። «አባ፣ አንድ ነገር...» ይልና፣ ዘወር ብለው ሲያዩት፣ «...ፍሬቻ ያብሩ» ብሎ ይጨርሰዋል።

ማክሰኞ ደረሰ። አባ ወንበራቸውን አስተካክለው፣ መስታወቱን አይተው፣ አማትበው ሞተር እንዳስነሱ የኋላው በር ተከፈተና እታለም ቦርሳዋን አስቀድማ ገባች።

«ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ትምህርት ላይ ናቸው አሉኝ። ይንዱ አባ፣ እኔ ከኋላ እጠይቃለሁ።»

«እታለም፣ በማርያም ውረጂ» አለ ፍሬኑ።

«ተዋት ልጄ፣ ሰው ጭኖ መንዳትም ልምምድ ነው» አሉ አባ።

የአባ ችግር የታወቀ ነው፤ እግራቸውና አፋቸው አብረው አይሠሩም። እታለም «ልጅ በሳህን ማፍራት ኃጢአት ነው አይደለም?» ስትል ፍሪሲዮኑን ድንገት ለቀቁት። መኪናዋ እንደ ፌንጣ ዘለለች። ፍሬኑ ረገጠ።

«መጀመሪያ ይቁሙ፣ ከዚያ ይመልሱ አባ!»

«የማን ልጅ ነው?» አሉ አባ፣ ሳይቆሙ። ፍሬኑ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ሳያነሳ፣ «የኔ ነው» አለ። አባ ደንግጠው ዞሩ፤ መሪውም አብሯቸው ዞረ። አደባባዩ መሃል ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋ።

አባ መሪውን ለቀው እጃቸውን አጣጠፉ። «ዘሩ ያንተ፣ እንቁላሉ የሚስትህ ነው?»

«አዎ።»

«ሦስተኛ ሰው የለበትም?»

«ዶክተሯ ብቻ።»

«እሷ አዋላጅ ናት በላት፤ ከተለመደው ቀደም ብላ መጣች እንጂ።» ጺማቸውን ዳሰሱ። «ጨርሶ አይሆንም የሚሉ ወንድሞች አሉኝ፤ አላቃልላቸውም። ልጅ ከአልጋ እንጂ ከጠረጴዛ አይጀመርም ባይ ናቸው። እኔን ሳህኑ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ትርፉ ነው። ብዙ ፅንስ ይሠሩና የተረፈውን ይጥሉታል አሉ። እዚያ ላይ ‘አይሆንም’ እላለሁ።»

ከኋላ ክላክሱ ቀለጠ። የጭነት መኪና ሹፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «አባ! ወይ ይባርኩን ወይ ይንዱ!» ብሎ ጮኸ።

አባ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ባረኩትና ወደ ጉዳያቸው ተመለሱ።

ያኔ ነው የፍሬኑ አንደበት የተፈታው። «እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እግዜር እምቢ ያለኝን ነገር ከእጁ ጎትቼ የምወስድ እየመሰለኝ ነው።»

«እምቢ ማለቱን በምን አወቅህ?»

«ዝም አለኛ።»

«እኔም እንድነዳ ስለምነው ዝም ብሎኛል። ታዲያ አስተማሪ ቀጠርኩ።»

«እሱማ ቀጠሩ» አለች እታለም ከኋላ፣ «ግን እስካሁን አልቻሉም።»

ሦስቱም ሳቁ። ፍሬኑ ሲስቅ እንባው መጣ፤ እንባው ሲመጣ ደግሞ ሳቁ የቱ ጋ እንዳለቀ አላወቀውም። እታለም ከኋላ እጇን ሰዳ አንገቱን ያዘችው፤ ልጅ ሳለ መንገድ ስታሻግረው እንደምትይዘው።

ፍሬኑ ቤቱ እንደ አሸናፊ ገባ፤ አባ ያሉትን አንድ ባንድ ለሚስቱ ዘረገፈላት። እሷ ሆዷ በመርፌ ነጥብ ተዥጎርጉሮ ሶፋው ላይ ተጋድማለች።

«ቆይ» አለችው። «ሆዱ የኔ፣ መርፌው የኔ፣ ስብሰባው በመኪና?»

«አጋጣሚ ነው እኮ...»

«ሦስት ሰው ተሳፍራችሁ ስለ እንቁላሌ ስትመክሩ ለኔ የሚሆን ወንበር ጠፋ? የሚጣል የለም፤ እሱን እኔም አልፈልግም። ግን አባ ሳይሉኝ በፊት ነው ያልፈለግሁት፤ ለዶክተሯም ነግሬያታለሁ። የተረፈው በበረዶ ይቀመጣል፤ ቀኑ ሲደርስ ይመጣል።»

ፍሬኑ ያን ምሽት ዕቃ አጠበ፤ ተነግሮት አልነበረም።

እሱ ዘሩን የሚሰጥበት ቀን ሲደርስ እታለም «ብቻህን አትሄድም» አለች። ነርሷ ስኒ የምታህል ዕቃ ሰጥታ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባችው። በሩ ስስ ነበር። እታለም ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ እሱ ይበረታ ዘንድ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መጸለይ ያዘች። ትንሽ ቆይቶ በሩ ገርበብ አለና የፍሬኑ ጭንቅላት ብቅ አለ።

«እታለም፣ እባክሽ ታች ወርደሽ ሻይ ጠጪ።»

«ጸሎቴ ረበሸህ?»

«በጣም።»

የመጀመሪያው ሙከራ አልያዘም። ዶክተሯ በስልክ ስትነግራቸው ሚስቱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጣ ልብስ ማጠፍ ጀመረች፤ የታጠፈውን ፈታ መልሳ አጠፈችው። ፍሬኑ አጠገቧ ቆሞ አንዱን ጫፍ ያዘላት። ስቅስቅ ብላ ያለቀሰችው ያችው «ስርቆት ነው» ያለች እታለም ናት። በማግሥቱ ማንንም ሳታማክር ክሊኒኩ ድረስ ሄዳ ነርሷን አፋጠጠቻት።

«በረዶ ውስጥ ያሉት የወንድሜ ልጆች ብርድ አይመታቸውም?»

«ብርዱ ነው የሚያኖራቸው እናቴ።»

«እስቲ ይሁን» አለች እታለም፣ ሳታምን።

በሁለተኛው ሙከራ ከበረዶው የወጣው ያዘ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ የእታለም ሆነ። ሚስቱ ጎንበስ እንዳትል፣ ደረጃ እንዳትወጣ፣ ክፉ ዜና እንዳትሰማ ታወጀ። ቴሌቪዥኑ ዜና ሲጀምር እታለም ታጠፋዋለች። አባም በስንተኛው ፈተና መንጃ ፈቃዳቸውን አግኝተው፣ ምጡ ሲመጣ «እኔ አደርሳታለሁ» ብለው ከተፍ አሉ፤ ሚስቱ ግን በምጥ መካከልም ልቧን አልሳተችም፤ «ታክሲ!» አለች።

ሴት ልጅ ተወለደች። ግንባሯ የእታለም ነው፤ ጩኸቷም እንደዚያው። ወሬው የደረሳት ጎረቤት አንገቷን ሰገግ አድርጋ «ያቺ የላብራቶሪዋ ይህች ናት?» ስትል፣ እታለም የሕፃኗን ጋሪ አቁማ፣ «አዎ፤ የኔዋ ተፈልጋ የመጣች ናት። ያንቺዎቹ እንዴት እንደመጡ ትዝ ይልሻል?» ብላት መንገዷን ቀጠለች።

አሁን የቀረ አንድ ጉዳይ አለ፤ በረዶው ውስጥ ገና አንድ ፅንስ ተቀምጧል። ፍሬኑ ዕድሜውን ያስባል፣ ሚስቱ እንቅልፏን ታስባለች፤ ግን ይጣል የሚል የለም። እታለም በጸሎቷ ላይ «ያን ብርድ ቤት ያለውንም» ብላ ትጨምረዋለች፤ እሁድ እሁድም ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ትጠይቃለች።

«መቼ ነው የምታወጡት?»

«እትዬ» ትላለች ሚስቱ፣ ልጅቷን ትከሻዋ ላይ እያባበለች፣ «እስቲ መጀመሪያ ይቺ ትተኛልን።»