የበሩን ቀለም የመረጠችው

ባለቤቴ፤ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ በር በመግጠም የሚተዳደረው የመጀመሪያ ልጃችን፤ ገና ተማሪ የነበረችው ታናሽ እህቱ፤ እና እኔ፣ ፊደልን ያለ አስተማሪ ለይቼ በእህል ንግድ ያሳደግኋቸው አባት። ነገሩ የአራታችን ነው።

ልጄ ቡሬ ላለው ቤታችን በር ይዞ መጣ፤ እህል የምጭንባትን አይሱዙ ለምናሳድርበት ክፍል፣ ቁልፍ ሲጫኑ ወደ ላይ የሚጠቀለል። ቀለም እንድንመርጥ የቆርቆሮ ቁራጮች ቀባብቶ አጥሩ ላይ ደረደረ። እኔ ግራጫ አልኩ። የነጋዴ ቤት ጭምት ቀለም ነው የሚያስከብረው።

«ቢጫ ይሁን» አለች ባለቤቴ።

«ጠጅ ቤት ልትከፍቺ ነው?»

«ጠጁን ይጣሉልኝ እንጂ እከፍታለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከሩቅ የሚታየኝ እሱ ነው። ያውላችሁ፣ ቀኝ ዳር ያለው።»

ልጆቹ ሳቁብኝ፤ ተሸነፍኩ።

ሌሊቱን ነፋስ ቁራጮቹን አወረዳቸው። ጧት ሴቷ ልጄ መልሳ ስትሰቅላቸው ቢጫው ግራ ዳር ዋለ። ባለቤቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ከመንገዱ ማዶ ቆመችና እጇን ወደ ቀኝ ዳር ዘረጋች።

«እዩት ቢጫው ፀሐይ ሲያርፍበት!»

የጠቆመችው ግራጫውን ነበር።

«ይኸው፣ የኔን መረጥሽ!» ብዬ ሳቅሁ። ሌላ የሳቀ የለም። ልጄ በነጠላዋ አፏን ይዛ ቆማለች። ባለቤቴ እጇን ቀስ ብላ አወረደች።

«ነፋስ ነበር እንዴ ሌሊት?» አለች።

ዐይኗ ከደከመ ቆይቶ ኖሯል። ምስሩን በጣቷ እየዳሰሰች ትለቅም፣ መንገዱን በልምድ ትሄድ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ተቆጣሁ።

«እርስዎ ቤት መታመም ይቻላል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሕመም የሚያወራ ሰነፍ ነው እያልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ዛሬ ለማንም አባት የምለው፣ ቤትህ ውስጥ አመመኝ ማለት የሚያሳፍር ከሆነ ጨዋነት አላስተማርህም፣ መደበቅ እንጂ።

ባሕር ዳር ያያት ሐኪም፣ የዐይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ ቀድማ ብትመጣ ግን ማቆም ይቻል ነበር አለን።

በሩን ቢጫ ቀባነው። ልጄ የእናቱን እጅ ይዞ ሴንሰሩን አስዳሰሳት፤ ከሁለቱም ቋሚዎች በታች በኩል ፊት ለፊት የተገጠሙ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ሰው ካለ የሚወርደው በር ቆሞ ይመለሳል።

«ይቺ ታየኛለች?»

«ታይሻለች፣ እማዬ።»

«ቢመሽም?»

«ቢመሽም።»

«ተመስገን። እኔንም አባትህንም ትጠብቀናለቻ።»

በሩ ሲወርድ ሥሩ ገባች። ቆመ፤ ተመልሶ ወጣ። አንገቷን ቀና አድርጋ ድምፁን አዳመጠች። እኔ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

ሒሳቡን ሳወራርደው፣ በሩ ከነቀለሙ፣ የባሕር ዳሩ ምልልስ ከነመድኃኒቱ፣ በጠቅላላው ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር ወጣ። ልጄ እናቷን ለመምራት ትምህርቷን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋረጠች። በዚህ ላይ የባለቤቴ ሁለት ዐይኖች።